ከኋላ የሚመጣው ጋሪ

አንዲት እማማ ሙሚና የሚባሉ አሮጊት በባሕር ጠረፍ ባለች ከተማ፣ ውሃው አፍ ላይ በተሠራች የጣውላ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። እግራቸውን ከያዛቸው ወዲህ መስኮት ሥር ተቀምጠው የዓሣ አጥማጆችን መረብ ይጠግናሉ። መረቡን የሚያመጣውም ሰው ጣል አድርጎ ነው የሚሄደው፤ ቁጭ ብሎ የሚያወጋቸው ካጡ ቆይተዋል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። የከተማዋ ሹም ጡሩምባ አስነፍቶ «ዐውሎ ነፋስ እየመጣ ነው፤ ሁሉም ወደ ኮረብታው ይውጣ» አለ። ሕዝቡ ልጁንና ዕቃውን ይዞ ተመመ።

መንገዱ በእማማ ሙሚና ደጅ ነው የሚያልፈው። መቼም ሰው ሁሉ ጨካኝ ነው አይባልም፤ ያለፈው ሁሉ ነገራቸው።

«እማማ፣ ማዕበል መጣ፤ ይነሱ እንጂ» አለ አንድ ፍየል ነጂ።

«ሰምቻለሁ ልጄ፤ እግሬ እንቢ አለኝ። እስቲ ደግፈኝ።»

«እኔማ ከብት እየነዳሁ ነው። ከኋላ ጋሪ ይመጣል፤ እሱ ያወጣዎታል።»

ቀጥላ የመጣችው ሴትም «ከኋላ ጋሪ አለ» አለቻቸው። ዳቦ ጋጋሪውም እንዲሁ። መዋሸታቸው አልነበረም፤ ከልባቸው አምነዋል። እማማ ሙሚናም አመኑ። ሻሻቸውን አስረው፣ ባለጋሪውን እንዳላስጠብቀው ብለው፣ እየዳኹ ወጥተው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ እየሮጠ መጣ። «አይዞዎት እማማ፣ ከኋላዬ ጋሪ አለ» ብሏቸው አለፈ። ከኋላው ግን ማንም አልነበረም። አሮጊቷ ባዶውን መንገድ አሻግረው ተመለከቱ። እንደዚያ ቀን ብዙ ሰው አነጋግሯቸው አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ብቻቸውን ሆነው አያውቁም። ውሃው እግራቸው ሥር ደርሶ ነበር።

ኮረብታው ላይ ሹሙ «ያልተነገረው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«የለም» አለ ሕዝቡ።

«እማማ ሙሚናስ?»

«እኔ ራሴ ነግሬያቸዋለሁ» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተሰማ።

«ታዲያ የት አሉ?»

ሰዉ ሁሉ ጋሪውን ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ነፋሱ ሲበርድ ወርደው ፈለጉ። ቤቷም የለችም፣ እሳቸውም የሉም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን፤ ጌጥ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ አንዷን ሲያነሳ ነው። ማዕበሉን ማንም አላመጣውም። እማማ ሙሚናን ግን የገደላቸው ውሃው ብቻ አይደለም። ማስጠንቀቂያ መሄድ ለሚችል መንገድ ነው፤ መሄድ ለማይችል ጭንቀት ብቻ ነው። ወዳጄ፣ አንተስ «ሌላ ሰው ይደርስላቸዋል» ብለህ ያለፍከው ደጅ የለም? ካለ፣ ከኋላህ ማንም እንደሌለ ቁጠረውና ተመለስ።