ጥጡ የጎደለው ነገር

አንድ ክረምቱ የማያልቅ የሚመስል የደጋ ከተማ ነበረ። ከከተማው ግርጌ፣ ከወንዙ ዳር፣ የሹራብ ሠሪዎች ሰፈር ነበር፤ የንጉሡ ዘበኞች የሚለብሱት ሹራብ ሁሉ የሚሠራው እዚያ ነው። የሰፈሩ ሰው ሴቱም ወንዱም ጥጥ ይነድፋል፣ ይፈትላል፣ ፈትሉንም በረጃጅም መርፌ እያያዘ ሹራብ ያደርገዋል። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንጀራቸው ይኸው ነው፤ ሌላ የሚያውቁት ሙያ የለም።

እነዚህ ሰዎች ከሥራቸው ይልቅ የሚኮሩበት አንድ ሕግ ነበራቸው። ጥጥ ጥጥ ነው፤ ሌላ ነገር አይገባበትም። ሙያ የሚማር ሰው ትምህርቱን ጨርሶ የራሱን እንዝርት ሲቀበል፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ “በክሬ ውስጥ ከጥጥ በቀር ሌላ ቢገኝ እንዝርቴ ይሰበር” ብሎ ይምላል። መሐላውን ያፈረሰ ደግሞ እንዝርቱ ይሰበርና ከሰፈሩ ይወጣል። ሕጉ ከመሬት ተነሥቶ የወጣ አይደለም። ድሮ አንድ ሸረኛ ሰው ሚዛን እንዲያነሣለት በጥጡ ውስጥ የኮባ ቃጫ እየደበቀ ሲሸጥ ኖሮ፣ በመጨረሻ ተይዞ የሰፈሩን ሁሉ ስም ጭቃ ቀባው። ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚለውስ ነጋዴ ሰምታችሁ ታውቁ የለም? ያም ሰውዬ የዚያው ዘር ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር “ቀላቀለ” ማለት “ሰረቀ” ከማለት አይተናነስም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን፣ ንጹሕ ጥጥ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ሹራብ አይወጣውም። ለገላ ይመቻል፣ ነጭ ነው፣ ያምራል። አንዴ ከተለጠጠ ግን ተመልሶ መሰብሰብ አያውቅም። ሹራቡ ሰኞ ሲለበስ ልክክ ይላል፤ ዓርብ ላይ ክርኑ ተንዘርጥጧል፣ አንገትጌው ሰፍቷል፣ ጠርዙ ተጣሟል። ዝናብ የነካው ዕለትማ ውሃውን እስኪጠግብ ጠጥቶ እስከ ጉልበት ይወርዳል። “እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ” የተባለው ለዚህ ሹራብ ይመስላል። ዘበኞቹም ለምደውት እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ ጦር ይይዙ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን በሐምሌ ዝናብ የጎረቤት አገር መልእክተኞች መጡ። የበሩ ዘበኛ እጅ ሊነሣ ክንዱን ከፍ ሲያደርግ፣ የራሰው እጅጌ ተንሸራቶ እጁንም ጦሩንም ዋጠው። መልእክተኞቹ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ንጉሡም ይህን አዩ። በማግስቱ የሹራብ ሠሪዎቹን ሽማግሌዎች አስጠርተው፣ ክረምቱ ሳይወጣ ቅርጹን የማይለቅ ሹራብ ካላመጡ የዘበኞቹን ልብስ ከተማው ከገባ የባሕር ማዶ ነጋዴ እንደሚገዙ ነገሯቸው። ይህ ማለት ሰፈሩ ይበተናል ማለት ነው።

ሰፈሩ ተጨነቀ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ጥጥ ከየት እናምጣ? አንዱ ከቆላ ድረስ ሄዶ ቃጫው የረዘመ ጥጥ አመጣ። ሌላው ክሩን አወፈረ። ሌላዋ በቀጭን መርፌ አጥብቃ ሠራች። ሹራቡ ከበደ እንጂ አልጸናም፤ የከበደ ደግሞ ይብስ ይወርዳል።

በሰፈሩ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ምላሷ ከመርፌዋ የሾለ ነው ይሏታል፤ መርፌዋን ግን ማንም አይንቀውም። ከሰፈሩ ሴቶች ግማሾቹን ሙያ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ሰፈሩ ቢበተን እነዚያ ሁሉ ሴቶች ከነልጆቻቸው ወዴት እንደሚሄዱ ስታስበው ሆዷ ይባባል። ትርንጎ እንደሌሎቹ የተሻለ ጥጥ ፍለጋ አልሄደችም። ቁጭ ብላ “ለመሆኑ ጥጡ ምን ጎደለው?” አለች።

መልሱ የተገኘው ልብስ ስታጥብ ነው። ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ አጥባ ስትጨምቀው፣ ከእጇ ሲወጣ ተነፋፍቶ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ደግማ ጨመቀችው፤ ደግሞ ተነፋ። ከዚያ አንድ እፍኝ ጥጥ ጨበጠችና ለቀቀችው፤ እንደተጨበጠ ቀረ። አንድ እፍኝ የበግ ጠጉር ጨበጠችና ለቀቀችው፤ ቀስ እያለ ተነሣ። ሳቋ መጣ። በሰፈሯ የበግ ጠጉር የተናቀ ነገር ነው፤ ተራራ ላይ ያሉ በግ አርቢዎች ይለብሱታል፣ ጨዋ ግን ለምንጣፍና ለብርድ ልብስ ካልሆነ ወደ ገላው አያስጠጋውም።

ነገሩ እንዳሰበችው ቀላል አልሆነም። መጀመሪያ ሹራቡን ከጠጉር ብቻ ሠራችው። ታላቅ እህቷ ደብሪቱ ለብሳው ቀኑን ሙሉ ቁንጫ እንደወረራት ሰው ስትታከክ ዋለች፤ ሲታጠብ ደግሞ ተኮማትሮ ለሕፃን የሚሆን ሆነ። ቀጥላ አንድ ረድፍ ጥጥ፣ አንድ ረድፍ ጠጉር አድርጋ ሠራች። ውሃ ሲነካው ጠጉሩ ሲሰበሰብ ጥጡ እምቢ አለ፤ ሹራቡ በሙሉ ተጨማደደ። ጎን ለጎን መቀመጥ መቀላቀል እንዳልሆነ ያን ቀን ገባት። ስለዚህ ከክሩ በፊት፣ ገና በንደፋው ላይ፣ ሁለቱን በአንድ ደጋን እየነደፈች አዋሐደቻቸው። እኩል በእኩል አደረገችው። ተሻለ፤ ግን አሁንም ያሳክካል። እኩል ማካፈል ለውርስ ደግ ነው፤ ሹራብ የሚፈልገው ግን ልኩን ነው።

ጠጉሩን እየቀነሰች ሄደች። በመጨረሻ ለአካሉ ሦስት እጅ ጥጥና አንድ እጅ ጠጉር ሲሆን ለገላ ለስልሶ፣ ቢለጠጥም ተመለሰላት። መያዝ ለሚገባቸው ቦታዎች፣ ለአንገትጌው፣ ለእጅጌው ጫፍና ለታችኛው ጠርዝ፣ ጠጉሩን ትንሽ ጨመር አደረገች። ደብሪቱ ያን ሹራብ ለብሳ ውሃ ቀዳች፣ እንጨት ተሸከመች፣ ዝናብ መታት። አጥበው አስጥተው ሲያዩት ልክ እንደተሠራበት ቀን ነበር። ትርንጎ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን መሐላዋ ትዝ አላትና ቁጭ አለች።

ደብሪቱ ነገሩ ቀላል መስሎ ታያት። ንደፋው ከመልካምነቱ የተነሣ ጠጉሩ ከጥጡ አይለይም፤ ነጭ በነጭ ነው። ከሁለታቸው ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም።

“ጥጥ ነው በይ፣ አበቃ” አለቻት። “ሰፈሩ ይድናል፣ አንቺም ትድኛለሽ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።”

“እትዬ፣ እስከዛሬ የቀላቀልኩት ጥጥና ጠጉር ነው” አለች ትርንጎ። “እሱ ላይ ውሸት ከጨመርኩበት ያ የኮባው ሰውዬ ሆንኩ ማለት ነው። ደግሞስ ሌሎቹ ሴቶች ከምን እንደተሠራ ካላወቁ እንዴት አድርገው ይሠሩታል?”

ደብሪቱ አለቀሰች። ትርንጎም አብራት አለቀሰች፤ ጀግና አያለቅስም ያለው ማን ነው? ሲነጋ ግን ሹራቡን በአንድ እጇ፣ እንዝርቷን በሌላው ይዛ ንጉሡ ሹራቦቹን ወደሚፈትኑበት ወንዝ ዳር ሄደች።

ፈተናው እንዲህ ነበር። የቀረበው ሹራብ ሁሉ በገመድ ተለክቶ ለዘበኞቹ ታደለ። ዘበኞቹ ውሃው ውስጥ እስከ ደረታቸው ገብተው ከባድ ግንድ እየጎተቱ ወደ ዳር አወጡ። ከዚያ ሹራቡ ተጨምቆ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተለካ። የአንዱ እጅጌ ከገመዱ በአንድ ክንድ አልፎ ተገኘ። የሌላው አንገትጌ ሁለት ራስ ያስገባል። የትርንጎ ሹራብ ተራ ሲደርስ ለኪው ገመዱን አንድ ጊዜ አደረገ፣ ዓይኑን ጠርጥሮ ደገመው። ገመዱና እጅጌው እኩል ነበሩ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ የንጉሡም ፊት በራ።

ይኼኔ የሰፈሩ የሽማግሌዎች አለቃ አያ ጓንጉል ከተቀመጡበት ተነሡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጥጥ ሲዳስሱ የኖሩ፣ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚል ቃል ከአፋቸው የማይጠፋ አዛውንት ናቸው። ሹራቡን ሳብ አድርገው ለቀቁት፤ ተመለሰ።

“ልጄ ትርንጎ፣ ጥጥ እንዲህ አይመለስም” አሏት። “ይህ ክር ጥጥ ብቻ ነው?”

ደብሪቱ ከሕዝቡ መካከል ሆና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

“አይደለም አያ” አለች ትርንጎ። “ሦስት እጁ ጥጥ ነው፣ አንድ እጁ የበግ ጠጉር። ጫፍ ጫፉ ላይ ጠጉሩ ይበዛል። አንድ ላይ ነድፌ የፈተልኩት እኔ ነኝ።”

አያ ጓንጉል እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷም ሳትጠየቅ እንዝርቷን አስረከበቻቸው።

“ከመስበርዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ” አለች። “ያ ኮባ የደበቀው ሰው ምን ብሎ ነበር የሚሸጠው?”

“ጥጥ ነው ብሎ።”

“እኔስ አሁን ምን አልኩ?”

አዛውንቱ ሹራቡን ደግመው ሳቡት። እሷ ቀጠለች። “እሱ የጨመረው እንዲበዛለት ነው። እኔ የጨመርኩት ጥጡ የጎደለውን ነው። ጥፋት ከሆነ ይስበሩት።”

አያ ጓንጉል ወደ ንጉሡ ዞር አሉ። ንጉሡም ሕጉ የሰፈሩ ነውና ፍርዱም የሰፈሩ ነው አሉ። ሽማግሌው እንዝርቱን በጣቶቻቸው መካከል ለረጅም ጊዜ አገላበጡት። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። የራሳቸውን ሹራብ፣ ክርኑ የተንዘረጠጠውንና በመቀነት ያሰሩትን፣ አወለቁና የትርንጎን ለበሱ። ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሡ። ቁጭ ብድግ አሉ። ክርናቸውን አጥፈው ዘረጉት፤ ሹራቡም አብሮ ታጥፎ አብሮ ተዘረጋ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲኮሩበት የኖሩት ሹራብ አንድም ቀን እንዲህ ገላቸውን ይዞላቸው እንደማያውቅ የተረዱት በዚያች ደቂቃ ነው።

“አባቶቻችን ይህን ሕግ ያወጡት ሌባ ሊይዙበት ነው እንጂ ብልሃተኛ ሊያባርሩበት አይደለም” አሉ፤ እንዝርቷንም መለሱላት።

እልልታው ከወንዙ ማዶ ተሰማ። ደብሪቱ ነጠላዋን ጥላ እየሮጠች መጥታ እህቷን አቀፈቻት። ሴቶቹ ትርንጎን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ሰፈር ሲመልሷት፣ መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ እየተከተለ፣ ሰፈር ሲደርሱ ግማሹ ከተማ አብሯቸው ነበር። ሹራቡ ግን አልተመለሰላትም። አያ ጓንጉል በዚያው ለብሰውት ቤታቸው ገቡ፤ ሚስታቸውም ለማጠብ እንኳ ማስወለቅ አቃተኝ እያሉ ለጎረቤት ሲያሙዋቸው ሰነበቱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ መሐላ ተለወጠ። እንዝርት የሚቀበል ሰው “ምን እንደቀላቀልኩና ለምን እንደቀላቀልኩ እናገራለሁ” ብሎ ይምላል። ከተራራው በግ አርቢዎች ጠጉራቸውን ይዘው ወረዱ፤ ድሮ በራፍ ላይ ቆመው የሚሸኙት ሰዎች አሁን ምድጃ ዳር ተቀምጠው የትኛው ጠጉር ለየትኛው ጥጥ እንደሚስማማ ይመክራሉ። የባሕር ማዶው ነጋዴ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ክረምቱ ከመውጣቱ በፊት የንጉሡ ዘበኞች በዶፍ ዝናብ መካከል ተሰልፈው፣ እጅጌያቸው ከእጃቸው አንጓ ሳይወርድ፣ ቀጥ ብለው አለፉ። ሰፈሩም ሰፈር ሆኖ ኖረ።

ወዳጆቼ፣ እኛም ሕይወታችንን ስንሠራ ብዙ ጊዜ ከሚመስለን ሰው ጋር ብቻ እንፈተላለን። ለስላሳው ለስላሳውን ይፈልጋል፣ ኮስታራው ኮስታራውን፤ ትዳሩም ማኅበሩም ሥራ ቤቱም አንድ ዓይነት ክር ይሆናል። ፀሐይ እስካለ ድረስ ያምራል። ዝናብ ሲመጣ ግን የሚሰበስበን እናጣለን። ያለን ነገር ጥራቱ ብቻውን አያቆመንም፤ የጎደለንን የያዘ ሰው ያስፈልገናል፤ እሱም በልኩና በቦታው። ስንቀላቀል ደግሞ በግልጽ እንቀላቀል፤ ማጭበርበርን ከጥበብ የሚለየው በአብዛኛው መናገርና መደበቅ ነውና።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ እናንተ የጎደላችሁን የያዘው ሰው ማን ነው? እስከ ዛሬስ ደጁን ያልረገጣችሁት ለምንድን ነው?