በቆቅ ውሃ ኮርቻ የሚወርደው ስለ ምን ነው

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚዘልቀውን ረጅም መንገድ በብስክሌት የሚያቋርጡ ሰዎች፣ ከሐይቁ በላይ በተራራው ወገብ ላይ ወደ ተቀመጠችው ቆቅ ውሃ ሲደርሱ የሚጠብቃቸውን ነገር አስቀድሞ የነገራቸው ከሌለ መደንገጣቸው አይቀርም። መንደሪቱ ጸጥ ያለች ናት፤ የሚጮህ ሻጭ የለባትም። መንገደኛው ወርዶ ላቡን መጥረግ ሲጀምር ግን ከአንዱ ቤት ሰው ብሎን መፍቻ ይዞ ይወጣል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ጎንበስ ብሎ የብስክሌቱን ኮርቻ ይፈታና በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ታድራለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኮርቻው የገባበት ቤት የእንግዳው ማደሪያ ነው፤ ኮርቻውም የሚመለስለት በማግስቱ ቁርሱን ሲጨርስ ነው። ተዘረፍኩ ብሎ መንደሩን ያናወጠ አንድ ፈረንጅ እንደ ነበረ ይወራል፤ ሲሰናበት ግን ቤተሰቡን አንድ በአንድ ስሞ ሄደ ይላሉ።

ልማዱ ከየት እንደ መጣ ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹ የእንድሪስ ይመርን ስም ያነሣሉ። እንደሚነገረው፣ ጣሊያን ከአገር በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ውርጭ የገብሱን እሸት በመታበት ዘመን ነው። እንድሪስ በእንግዳ ተቀባይነቱ ስሙ የተጠራ ሰው ነበር። በደጁ በቅሎ የቆመች እንደ ሆነ፣ ባለቤቷ ሰላምታውን ሳይጨርስ ኮርቻዋን አውርዶ ቤት ያስገባ ነበር ይባላል። ምክንያቱም እንግዳ የሆነ ሰው ይሉኝታ አለበት፤ አንዴ እደር ቢሉት አይ ይላል፣ ሁለቴ ቢሉትም አይ ይላል፣ እሺ የሚለው በሦስተኛው ነው። ኮርቻ ማውረድ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል።

ነገሩ በሆነበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ጦይባ እህል ልትለምን ከሸንተረሩ ማዶ ወንድሟ ዘንድ ሄዳ ነበር። በቤት ውስጥ የቀረው እፍኝ የማይሞላ የባቄላ ንፍሮ ነው፤ እሱም ገና ምድጃው ላይ እየተንተከተከ ነበር። እንድሪስ ደጁ ላይ ተቀምጦ ጉሙ ከሐይቁ ሲነሣ ሲመለከት፣ ባለ ሁለት ጎማ ብረት እየገፋ አንድ ጎልማሳ ከአቀበቱ ብቅ አለ። ሰውዬው ወልዳይ ይባላል፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ የስፌት መኪና የሚጠግን የአስመራ ሰው ሲሆን ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር። ብስክሌት በቆቅ ውሃ ሲታይ የመጀመሪያው ነው።

«ቤት የአላህ ነው፤ ግባና እደር» አለው እንድሪስ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ። ቀን ሳለ ቁልቁለቱን ልውረድ።»

«ኧረ እደር፣ ጉሙ እየመጣ ነው።»

«አይ፣ አላስቸግርዎትም።»

እንድሪስ ሦስተኛውን ሊል አፉን ከፈተ፤ ያን ጊዜ ንፍሮው ትዝ አለው። መንገደኛው አገሩ ገብቶ፣ እንድሪስ ቤት እፍኝ ባቄላ አቀረቡልኝ ብሎ ሲያወራ ታየው። በቅሎ ብትሆን ኖሮ ኮርቻዋን አወርድ ነበር፣ የዚህ ብረት ኮርቻው የቱ እንደ ሆነ ማን ያውቃል ብሎ ራሱን ሸነገለ። ኮርቻው አፍንጫው ሥር ነበር። «እንግዲህ ካልክ በሰላም ግባ» አለው። ወልዳይ ወዲያው አልሄደም፤ ጎማውን ነካ ነካ አደረገ፣ መሪውን አቃና፣ ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ወረደ።

ብዙም ሳይቆይ ጦይባ ትንሽ ስልቻ ገብስ በጀርባዋ አዝላ መጣች፣ በጭቃው ላይ ያለውን ፈለግ አየችና ማን እንደ መጣ ጠየቀችው።

«እንግዳ ነበር። እደር ብለው እንቢ አለ።»

«ስንቴ ለመንኸው?»

«ሁለቴ።»

ጦይባ ስልቻውን ሳታወርድ ቆማ አየችው። «ሁለቴማ ለጠላትም ይባላል» አለችው።

እንድሪስ በትሩን አንሥቶ ጉሙ ውስጥ ገባ። የሰውዬውን ስም እንኳ አልጠየቀም ነበርና የሚጠራበት አጥቶ፣ «አንተ እንግዳ! አንተ እንግዳ!» እያለ ቁልቁለቱን ወረደ። ሳይደግስ አይጣላም ነውና፣ መንገዱ በሚታጠፍበት ገደል አፋፍ ላይ አንድ ጥድ ብስክሌቱንም ሰውዬውንም ይዞ አስቀርቷቸው ነበር፤ ከጥዱ ወዲያ ያለው ሐይቁ ብቻ ነው። የወልዳይ እግር ግን ተሰብሯል። ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ አወጡት፣ ወጌሻ አሰረው፣ ክረምቱንም በእንድሪስ ቤት ከረመ። እንድሪስ እያጎረሰ አስታመመው፤ ዓይን ለዓይን መተያየት ግን አቃተው። ከረሃቡ ይልቅ ይህ አከሳው ይባላል።

መስከረም ጠብቶ ወልዳይ ሊሄድ ሲነሣ እንድሪስ አስቆመው።

«ሦስተኛውን የነፈግሁህ ዐውቄ ነው። ቤቴ ባዶ ስለ ነበር አፈርኩ። እግርህን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ወልዳይ ግን፣ «እኔም ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነበር፣ አያ እንድሪስ» አለው። «ጎማዬ እኮ ምንም አልሆነም ነበር። የነካካሁት እስኪጠሩኝ ነው። ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ የንፍሮው ሽታ ደግሞ እስከ ደጅ ይመጣ ነበር።»

እንድሪስ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ ይላሉ። ወልዳይም አጠገቡ ተቀመጠ፤ ከመሣሪያ ከረጢቱ ብሎን መፍቻ አውጥቶ የብስክሌቱ ኮርቻ እንዴት እንደሚፈታ አሳየው፣ አስፈታው፣ መልሶም አሳሰረው። «ለሚመጣው ሰው ይሁን» ብሎ መፍቻውን እጁ ላይ ትቶለት ሄደ።

ኋላ ላይ፣ ወልዳይ ያኔውኑ ሞቷል፣ ጥዱ ላይ የተገኘው በድኑ ነው የሚሉም አልጠፉም፤ የመንደሩ ሰው ግን ይህን አይቀበልም፣ በድን መፍቻ አይሰጥማ። ዛሬ መፍቻው በየቤቱ ይዞራል፤ ሲዞርም በዘፈቀደ አይደለም፣ ጎተራው ቀድሞ የተሟጠጠበት ቤት ይረከበዋል። ብስክሌተኞቹ ይህን አያውቁም፤ የቀረበላቸውን ጥቂት ድንች በልተው መንደሩ ሁሉ እንዲህ የደኸየ ይመስላቸዋል። የሞላለት ሰውማ ሦስቴ መለመን መች ያቅተዋል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ባለፈው ክረምት መፍቻው ዘሃራ የምትባል መበለት ቤት ሳለ ሁለት ብስክሌተኞች በአንድ ላይ መጡ። በድስቷ ያለው ለራሷም የሚበቃ አልነበረም፤ እሷ ግን ወጥታ ሁለቱንም ኮርቻ ፈትታ በሁለት ብብቷ ይዛ ገባች። ጎረቤቷ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ምነው ዘሃራ፣ አታፍሪም?» አለቻት።

«ማፈሩንማ አፍሬያለሁ፤ ኮርቻው ግን ወርዷል» አለቻት።