ለአንዲት ጫጩት የተቆጠሩ ምስክሮች

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። እንስሳት እንደ ሰው ይካሰሱ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር ከዋርካ ሥር ችሎት የሚያስችል አንድ ሽማግሌ ኤሊ ነበር። ሙግት ሰልችቶታል። ሌላ ዳኛ ስላልተገኘ ግን እያዛጋም ቢሆን ይፈርድ ነበር።

አንድ ቀን ቁራ ከሰሰ። እናቷን ንስር የበላባትን ጫጩት ሁለት እንስት ዳክዬዎች ወስደው ያሳድጋሉ፤ አባት በሌለበት ጎጆ ሁለት እናት ከተፈጥሮ ውጭ ነውና ትወሰድባቸው አለ። ጦጣ ለዳክዬዎቹ ጠበቃ ሆና ቆመች። ኤሊውም እንደ አገሩ ደንብ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ጫጩቷ በገለልተኛ እጅ ትቀመጥ ብሎ፣ ዘመድም ወገንም ለሌለው ለድንጋይ በአደራ ሰጣት።

በመጀመሪያው ቀን ቁራ ርግብን ምስክር ቆጠረ። ርግብም እኛ ቤት ወንድና ሴት ተራ ገብተን እንታቀፋለን አለች። ቁራ፣ ይኸው ተፈጥሮ አለ። በሁለተኛው ቀን ጦጣ ሰጎንን ቆጠረች። ሰጎንም ሚስቶቼ ሁሉ እንቁላላቸውን አንድ ጎጆ ውስጥ ይጥላሉ፣ ሌሊት የምታቀፈው እኔ አባትየው ነኝ አለ። ጦጣም፣ ይኸው ተፈጥሮ አለች። በሦስተኛው ቀን ጅብ ማንም ሳይጠራው መጣና እኛ ቤት አዛዧ እናት ናት፣ አባቴን አላውቀውም አለ። ይኼኔ ቁራም ጦጣም የእኔ ምስክር ነው ብለው ተናነቁ።

ኤሊው ደከመው። ርግብ ስለ ርግብ፣ ጅብ ስለ ጅብ ሲናገር ሦስት ቀን ሙሉ ሰማ፤ ስለ ጫጩቷ ግን አንድ ቃል አልሰማም። ጥግ ይዘው የቆሙትን ሁለቱን ዳክዬዎች አያቸውና ለጫጩቷ ፈራ። ወደ ዋርካው ጀርባ ዞሮ ድንጋይን ጠየቀው።

«ልጅቷ እንዴት ናት?»

«እንዳዘዙኝ ለማንም ሳላደላ ጠብቄያታለሁ» አለ ድንጋይ። «መጀመሪያ ቀን በረደኝ ብላ አለቀሰች። ትናንትም ትንሽ አለቀሰች። ዛሬ ጸጥ ብላለች።»

«ሂዱ» አላቸው ኤሊው ዳክዬዎቹን። «ምን ትጠብቃላችሁ፣ ሂዱ።»

በረሩ። አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ተኝተው በክንፋቸው ሸፈኗት። ጫጩቷ ብዙ ቆይታ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ በቀጭኑ። ኤሊው አለቀሰ።

ቁራ አሁንም ቆሞ ነበር። «ፍርዱስ፣ ጌታዬ?»

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ» አለ ኤሊው። «ልጅቷን ትቼ ጅብን አዳመጥሁ። በቃኝ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ።»

እኔም የተሸከምኩትን አወረድኩ፤ እናንተ ያዙት፦ የጎረቤት ልማድ ጫጩት አያሞቅም።