በሊትር ሰባት ኪሎ ሜትር

አንድ ሰው ነበረ፤ አሮጌ ፒክአፕ መኪና ያለው ሰው። መኪናዋ በአንድ ሊትር ቤንዚን ስድስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ከዚያ አታልፍም። በከተማው ያለው አንድ ማደያ ለአንድ መኪና በሳምንት ሃያ ሊትር ይሰጣል፤ ከዚያ አያልፍም። ሃያ በስድስት ሲባዛ መቶ ሃያ ነው። ሰውየው ግን በየሳምንቱ መሄድ ያለበት መንገድ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው።

ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይጎድለዋል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ወዴት ነው የሚሄደው? ባለቤቱ እናኑ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ደክመዋል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሆስፒታል ሄዳ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ሆስፒታሉ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ደርሶ መልሱ ሃምሳ ነው። ተራዋ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ከከተማው የሚነሣ ሚኒባስ የለም። ሐኪሙም ነገሩን አላለሳለሰላቸውም። አንድ ቀን መዝለል አደጋ ነው፤ እየዘለሉ መቀጠል ሞት ነው አላቸው።

እንግዲህ የዚህ ሰው ጉዳይ የመኪና ጉዳይ እንዳይመስላችሁ።

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ፒክአፗን ያገኛት አንድ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቆማ፣ ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ሲጥልባት ነው። እናኑ ከታመመች በኋላ ገዛት፤ በገዛ እጁም ያድሳት ጀመር። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ በግምት አይሠራም። የነዳጅ ጋኑ ውስጥ የሚነከር ዘንግ አበጅቶ ሊትር በሊትር ምልክት አደረገበት። መንገዱን በኪሎ ሜትር ድንጋዮቹ ቆጠረ። አንድ ነገር ባደሰ ቁጥር እናኑን ሲያመላልስ በዚያው መንገድ ይለካል፤ ሁለት ነገር በአንድ ቀን አይነካም። ለምን ቢሉት፣ የትኛው እንደረዳኝ በምን አውቃለሁ ይላል።

ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበ። ለካ። ስድስት ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ሜትር።

ካንዴላዎቹን ቀየረ። ለካ። ስድስት ከስድስት መቶ።

የአየር ማጣሪያውን ሲከፍት አይጥ የጭድ ጎጆ ሠርታበት አገኘ። ጎጆዋን አፍርሶ አዲስ ማጣሪያ ገጠመ። ለካ። ስድስት ከስምንት መቶ። ጎማዎቹን በልካቸው ነፋ። ለካ። ስድስት ከዘጠኝ መቶ። ከጣራዋ ላይ ከባዱን የብረት ዕቃ መጫኛ አወረደ። ለካ። ሰባት።

ሰባት ላይ ቆመች።

ከዚያ በኋላ ያላደረገው የለም። የነዳጅ ቱቦውን ቀየረ፤ ጭስ ማውጫውን አጸዳ፤ የጎማዎቹን ኩሽኔታ አውጥቶ አዲስ ግራሶ ቀባ። ሰባት። ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ ሰባት። ሃያ በሰባት መቶ አርባ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ጎደለው። እናንተ ስትሰሙት አሥር ኪሎ ሜትር ምን አላት? ለእሱ ግን ከሆስፒታል ተመልሶ በመንገድ የመቅረት ያህል ናት። እስካሁን የጎደለውን የሞላለት ጎረቤቱ ነበር፤ ሞተር ብስክሌት ያለው አስተማሪ። ከራሱ ድርሻ እየቀዳ ይሰጠው ነበር። አሁን ግን አስተማሪው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ለዚያች ሳምንት የመጨረሻዋን ሁለት ሊትር ሰጥቶት ተሰናበተ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እናኑ ነገሩን አነሣችው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሐሙስን ብተወውስ አለችው፤ ሁለት ቀን ይበቃኛል፤ ሰውነቴም ለምዶታል። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ገበያ ላይ ከሁለት ኪሎ ሽንኩርት አንዱን መልሺው እንደምትል ሴት ድምፅ ነበር።

እሱስ ምን አደረገ? መፍቻውን ይዞ ወደ መኪናዋ ወጣ።

የቀረው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከቤንዚን ጋር የሚገናኝ አይመስልም። የኋላ መብራቶቿ ከተገዛች ጀምሮ አይሠሩም። የዓመቱ ምርመራ ስለ ደረሰ አዲስ ሽቦ ዘረጋ፤ አዲስ አምፖል አስገባ። ረቡዕ ጨረሰ። ሐሙስ ንጋት ላይ እናኑን ይዞ ሄደ፤ ቀትር ላይ ይዟት ተመለሰ።

ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ሚኒባስ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ምንይችል ይባላል፤ ቀልደኛ ነው። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ አምፖሉ አዲስ ስለሆነ ነው እንዴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ሙሉ ያስጎበኙን?» አለው።

ሰውየው ነገሩ አልገባውም። ምንይችልም ቀልዱን ትቶ ነገረው። «ከሆስፒታሉ በር ጀምሮ ከኋላዎ ነኝ። የፍሬን መብራትዎ አንድ ጊዜም አልጠፋም።»

ሰውየው ተናደደ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ፤ ፍሬን መቼ እንደሚያዝ ከአንተ አልማርም አለው። ጥፋቱ የሽቦ ነው ብሎ ቤቱ ገባ። ጎረቤት ጠርቶ ከመኪናዋ ኋላ አቆመ። ፍሬኑን ረገጠ፤ በራ። ለቀቀ፤ ጠፋ። አሥር ጊዜ ረገጠ፤ አሥር ጊዜ በራ። አሥር ጊዜ ለቀቀ፤ አሥር ጊዜ ጠፋ። ሽቦው ደኅና ነው።

ሽቦው ደኅና ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ሰውየው ሊያውቅ ይገባው ነበር። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው፣ ሁሉን በተራ የሚመረምር ሰው፣ እዚህ ሲደርስ መመርመሩን አቆመ። ምንይችልን ዐይኑን ያመዋል አለ።

ዓርብ ጠዋት ግን ልቡ አላረፈም፤ ያረጋል ወደሚባል መካኒክ ሄደ። ያረጋል ብዙ አይናገርም። አንዴ ንዱኝ አለና ከጎኑ ተቀመጠ። ሦስት ኪሎ ሜትር ከከተማው ወጡ። ያረጋል አቁሙ አለው፤ ወረደ፤ በመኪናዋ ዙሪያ ሄዶ የአራቱንም ጎማዎች ቸርኬ በእጁ ጀርባ ነካ። አራቱም ይፋጃሉ። አንዱ ብቻ ቢሞቅ በሽታው የዚያ ጎማ ነው፤ አራቱም እኩል ከሞቁ ግን የሚያዝዛቸው አለ አለው። ከዚያ ተመልሶ ገባ። አሁን ወደ ከተማ ንዱ አለው።

ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ያረጋል ተናገረ።

«ጋሼ፣ ሳያዩ ይንገሩኝ። ግራ እግርዎ የት ነው?»

«የት ይሆናል? ወለሉ ላይ ነዋ።»

«አሁን ይዩ።»

አየ።

ግራ እግሩ ፍሬኑ ላይ ነበር። አልረገጠውም፤ አርፎበታል፤ በሰው ጭን ላይ እንደተኛች ድመት ተደላድሎ አርፎበታል። ቀኝ እግሩ ቤንዚን ይሰጣል፤ ግራ እግሩ ይይዛል። ቀኙ ሂጂ ይላል፤ ግራው የት ትሄጃለሽ ይላል። በአንድ ሰው፣ በአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ጊዜ።

መኪናዋን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ያረጋል ሲናገር፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል እግሩን የሌላ ሰው እግር እንደሆነ አድርጎ ይመለከተው ነበር ይላል።

ይህ እግር ይህን ከየት ተማረ? ልንገራችሁ፤ ሰውየውን እንዳትስቁበት። በወጣትነቱ የዓባይን በረሃ ሃያ ቶን ጭኖ ይወርድ ነበር። የዚያን ጊዜ መኪና ፍሬኑ የሚታመን አልነበረም። ያስተማረው ሽማግሌ ሾፌር፣ ማርሽ ስትቀይር ካልሆነ ግራ እግርህ ከፍሬን አይነሣ፤ እግርህ ሲዘገይ ነፍስህ ትቀድማለች ብሎታል። ከእሱ ፊት ይሄድ የነበረ ጓደኛው እግሩ ዘግይቶ ገደል ሲገባ በዐይኑ አይቷል። ያ ግራ እግር ሁለት ጊዜ ከሞት አውጥቶታል። ስለዚህ ክፉ ልማድ አትበሉት። በበረሃው ውስጥ ጥበብ ነበር።

ነገር ግን ከቤቱ እስከ ሆስፒታሉ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። በረሃው አልቋል። እግሩ ግን አልሰማም።

ቤቱ ገባ። እናኑ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠና ጠየቃት።

«እናንዬ፣ ስነዳ እግሬን ታዪው ነበር?»

«አጠገብህ አይደል የምቀመጠው? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለእኔ ብለህ መስሎኝ። መንገዱ እንዳያንገላታኝ ሰስተህልኝ መስሎኝ ነዋ።»

ሰማችሁ? እስቲ ይህን በእርጋታ አስቡት። እሱ ያቺን አሥር ኪሎ ሜትር ፍለጋ መኪናዋን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ሲፈታ ከረመ። እሷ ደግሞ መልሱን በየሳምንቱ ሦስት ቀን በዐይኗ እያየች፣ ፍቅር መስሏት ዝም አለች። ዝም ብላም አላበቃች፤ ዕድሜዋን ከሐሙስ ጀምራ ልትቀንስ ተነሣች። ባልና ሚስት ናቸው። ይዋደዳሉ። በአንድ ጋቢና ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። እኔ ይህን ታሪክ የነገረኝን ሰው፣ እውነት እንዲህ ሆነ? ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት።

ወገኖቼ፣ አሁን ከመኪናዋ እንውረድ።

ከመካከላችሁ በረሃ ያልወረደ ማን ነው? አንዱ በረሃብ ዘመን አድጓል፤ ዛሬ ጎተራው ሞልቶ እንኳ ለተራበ ቁራሽ ሲሰጥ እጁ ይያዛል። አንዷን ያመነችው ወንድሟ ከድቷታል፤ ዛሬ የሚወዳት ሁሉ ደጇ ላይ ቆሞ ይመለሳል። አንዱ ባለፈ ክፉ ቀን አፉን በመዝጋቱ ተርፏል፤ ዛሬ በገዛ ልጁ ፊት እንኳ አፉ አይከፈትም። ያን ጊዜ ያ እግር አድኗችኋል። እግዚአብሔር በዚያ እግር አድኗችኋል፤ አመስግኑት። ግን እጠይቃችኋለሁ፤ ዛሬ የምትሄዱበት መንገድ በረሃ ነው? ወይስ ሜዳ?

እናንተ ጸሎት ትጨምራላችሁ። ጾም ትጨምራላችሁ። ስእለት ትጨምራላችሁ። ነገር ግን ከቆማችሁበት ፈቀቅ አላላችሁም። ጾሜ ቢያንስ ነው፣ ጸሎቴ ባይሰማ ነው ትላላችሁ። ጎረቤቴ ነው፣ አማቴ ናት፣ ዘመኑ ነው ትላላችሁ። ካርቡራተሩን አጠባችሁ፣ ካንዴላውን ቀየራችሁ። ግራ እግራችሁን አይታችሁታል?

አላያችሁትም። ማየትም አትችሉም፤ ቀይ መብራቱ የሚበራው ከኋላ ነውና። እናንተ ከፊት ተቀምጣችሁ መንገዱን ታያላችሁ፤ መብራታችሁን የሚያዩት የሚከተሏችሁ ናቸው። ልጆቻችሁ ያዩታል። የቤት ሠራተኛችሁ ታየዋለች። ያ የምትንቁት ቀልደኛ ጎረቤት ያየዋል። ሲነግራችሁ ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ሽቦውን ትመረምራላችሁ። ዐይኑን ያመዋል ትላላችሁ።

ለእናንተም፣ አጠገብ ለተቀመጣችሁት፣ አንድ ቃል አለኝ። የምትወዱት ሰው ራሱን ሲይዝ አይታችሁ፣ ለእኔ ብሎ ነው እያላችሁ ዝም ያላችሁ ስንት ናችሁ? ዝምታችሁን ትዕግሥት ብላችሁታል። ትዕግሥት ነው ማን አላችሁ? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ተናገሩ። ስትናገሩም እንደ እናኑ ተናገሩ፤ ቀጥሎ ያደረገችውን ስሙ።

የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ በአንድ ዓርብ አይለቅም። እናኑ በጋቢናው ውስጥ ጠባቂ ሆነች። እግሩ ወደ ፍሬኑ ሲጠጋ ባየች ቁጥር «እግር» ትላለች። አትቆጣም፣ አትሰብክም፣ ያለፈውን አታነሣም፤ «እግር» ብቻ። እሱም ያነሣዋል። የሚቆጥር ሰው ነውና ይህንንም ቆጠረ። በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ደርሶ መልስ አርባ አንድ ጊዜ አለችው። ማክሰኞ ሃያ ሦስት ጊዜ። ያ ልትተወው የነበረው ሐሙስ ደረሰ፤ ሄደች፤ በመንገድ አሥራ አንድ ጊዜ አለችው። ቅዳሜ አራት ጊዜ።

በዚያች ሳምንት መቶ ሃምሳውን ኪሎ ሜትር በሙሉ ሄዱ፤ ከሃያው ሊትር አንድ ሊትር ተኩል ተረፈ።