በእንጉዳይ አምላክ

ድሮ ድሮ ነው፤ የአያቴ አያት ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል። ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህን ነገር ባወራሁ ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

በሸንበቆ ማዶ መንደር እንጉዳይ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። እንስራዋን ሁሉም ይገዛታል፤ ቤቱ ግን ማንም አያስገባትም። ቡዳ ናት ይሏታል። በእሷ እንስራ እየጠጡ እሷን ይፈራሉ፤ ሰው እኮ ጉድ ነው።

በዚያው መንደር ስንዱ የምትባል፣ ሻሽ ከራሷ የማይለይ ሴት ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ ነበረቻት። ማንጠግቦሽ ሰባት ዓመት ሞልቷት አትናገርም። ሲጠሯት አትዞርም። የፈለገችውን ሳያውቁላት ሲቀሩ ትጮኻለች፤ ትናከሳለች። ጠበል ወሰዷት፤ አልተናገረችም። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ፣ መስቀል ሲያልፍ ሩቅ ገዳም ተወስዳ እዚያው ትቅር ብለው ቆረጡ። ስንዱ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ያን ጊዜ እንጉዳይ ደጃፏ መጥታ ቆመች። "እሜቴ፣ እስከ መስቀል ልጅቱ እኔ ዘንድ ትዋል" አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስንዱ ውሻ ትለቅባት ነበር። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ሰጠቻት።

እንጉዳይ ልጅቱን ተናገሪ አላለቻትም። ጎኗ ተቀመጠች። ማንጠግቦሽ ጭቃ ስትጠፈጥፍ እሷም ጠፈጠፈች። ማንጠግቦሽ ስትተው እሷም ተወች። ከዚያ አውራ ጣት የምታክል እንስራ ሠርታ አስያዘቻት፤ መዳፏን ዘርግታ ተቀበለቻትና ውሃ አጠጣቻት። ማንጠግቦሽ ትንሿን እንስራ ወርውራ ሰበረች። እንጉዳይ ሌላ ሠራች። ሰበረች። ሌላ ሠራች። አንድ ቀን ፀሐዩ ሲከር፣ ማንጠግቦሽ ማንም ሳይነካት ተነሥታ እንስራዋን በእንጉዳይ መዳፍ ላይ አኖረች። እንጉዳይ ውሃውን ሰጠቻትና እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

ቀጥሎ ትንሽ የጭቃ ጎጆ ሠራችላት፤ ቤቴ ውሰዱኝ ማለት ነው። ለስንዱም አሳየቻት። የስንዱ እህት ልጇን ክርስትና ስታስነሣ ድግስ ሆነ። ከበሮ ተመታ፤ እልልታው ቀለጠ። ማንጠግቦሽ ጆሮዋን ያዘች፤ ጥርሷንም ያየ ሁሉ ሸሸ። እሷ ግን አልነከሰችም። ጎጆዋን አውጥታ በእናቷ መዳፍ ላይ አኖረች። ስንዱ ጉርሻዋን እንኳ ሳትውጥ ልጇን ይዛ ወጣች። እህቷ ክፉኛ አኮረፈች፤ ታኩርፋ።

መስቀል አለፈ። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ በቅሎም ቀረበች። ከሁሉም የሚከበሩት አያ ደምሌ፣ ልጅቱ በሸክላ ትጠይቃለች ሲባል ሰምተው ነበርና ሸክላዎቹን ደርድረው፣ እንስራውን አንሺ አሏት። አላነሣችም። ጎጆውን አንሺ አሏት። ሰማይ ሰማይ አየች። እንግዲህ በቅሎዋ ትጫን አሉ። ስንዱ መሬት ላይ ወደቀች።

እንጉዳይ በሽማግሌ ፊት ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ግን ተናገረች። "አባቶቼ፣ ያልጠማው ሰው ውሃ አይለምንም። ትንሽ ጠብቋት" አለች።

ማንጠግቦሽ እንጉዳይ ይዛው ከመጣችው እርጥብ ጭቃ ላይ ቆረሰች። ጠፈጠፈች። ማንም ያላሳያትን ነገር ሠራች፤ ሻሽ ያሰረች ሴት። አያ ደምሌ ግን መጠበቁ ሰልችቷቸው፣ ወደ በቅሎዋ ሊወስዷት እጃቸውን ዘረጉ። ማንጠግቦሽ በዚያ በተዘረጋው መዳፍ ላይ ሴቲቱን አኖረች።

እንስራ የሰጠች ጊዜ ውሃ ነበር የጠየቀችው። ጎጆ የሰጠች ጊዜ ቤት። አሁን ማንን እንደጠየቀች የነገራቸው የለም፤ ሁሉም ገባቸው። አያ ደምሌ ስንዱን ከመሬት አነሡና የልጇን እጅ አስጨበጧት። በቅሎዋም ወደ ግጦሿ ተመለሰች።

በሌላው አገር ሰው የሚቆመው በንጉሥ አምላክ ሲሉት ነው። በሸንበቆ ማዶ ግን እስከ ዛሬ፣ በልጅ ላይ እጁን ያነሣ ሰው ካለ "በእንጉዳይ አምላክ" ይሉታል። ይቆማል። ቁጭ ብሎም መዳፉን ይዘረጋል፤ ይጠብቃል።