የአመልማል ሰማያዊ ገንቦ

ብዙ ሰው አንዲትን አባባል ከአፉ እንደመጣለት ጣል አድርጓት ያልፋል። በአልዩ አምባ ያሉ ሽማግሌዎች ግን አንድ ሰው ሲተርታት ከሰሙ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ መነሻዋን ስማ» ይሉታል። መነሻዋም አንድ ገንቦ ነው።

በዚያች የገበያ ከተማ ነጋዴ ባሏ የሞተባት አመልማል የምትባል ሴት ነበረች። ሌላው ሰው ለጌጥ አምባርና ድሪ ሲያሳድድ እሷ የምታሳድደው አሮጌ ገንቦ ነበር። ሲራራ ነጋዴዎች ከጠረፍ መጥተው ጭነት ሲያራግፉ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። አንገተ ረጅም የብርጭቆ ዕቃም ይሁን ጥንት የተሠራ ጥቁር ሸክላ፣ ጆሮው የተሰበረ እንኳ ቢሆን፣ ካማራት ትወስደዋለች። በእልፍኟ ግድግዳ መደርደሪያ አሠርታ እንደ ቁመታቸው አቁማቸዋለች፤ በመስከረም አደይ፣ በሌላው ወራት ጽጌረዳ ትሰካባቸዋለች። ጎረቤቶቿ «እኛ በገንቦ ውሃ እንቀዳለን፣ አመልማል ገንቦዋን አበባ ታለብሳለች» እያሉ ይስቁባት ነበር። ይሳቁ እንጂ ለበዓል ሲመጡ ዐይናቸው ከዚያ ግድግዳ አይነቀልም።

ከሁሉ የሚያምረው ገንቦ ግን የእሷ አልነበረም። የጎረቤቷ የእትዬ ብርነሽ ነበር። ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ወፎች የተሳሉበት፣ ሟች ወንድሟ ከባሕር ጠረፍ በጭድ ጠቅልሎ ያመጣላት ገንቦ ነው። አመልማል ስንት ጊዜ ለምናታለች፤ ብርነሽ ግን «የወንድሜ መታሰቢያ ነው» ብላ እምቢ አለች።

አንድ ክረምት የብርነሽ ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። ያን ጊዜ ዐይኗ ደክሞ ሰው የምትለየው በድምፁ ነበር። «ቤቴ እስኪከደን አንቺ ዘንድ ይቀመጥልኝ» ብላ ገንቦውን ለአመልማል በአደራ ሰጠቻት። ገንቦው ሁለት ወር በአመልማል ግድግዳ ላይ ቆመ። ጣራው ተከድኖ አደራው ሲጠየቅ አመልማል ከአንድ ነጋዴ ያገኘችውን፣ በመልክ የሚመስለውን፣ አዲስ ገንቦ ይዛ ሄደች። የብርነሽን ግን ከግድግዳዋ አላወረደችም፤ ለሚጠይቃት «መሳዩን ከነጋዴ ገዛሁ» ትል ነበር።

ብርነሽ በመዳፏ ዳበሰችው። «ቀለል አለኝ እኮ፣ አመልማል።»

«አቧራውን አጥቤልሽ ነዋ፣ እትዬ!»

«ይሁን። እግዜር ይስጥልኝ» አለች ብርነሽ። እጇ ግን ከገንቦው ላይ ቶሎ አልተነሣም።

አመልማል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣች። ዕቃ መለወጥ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቃለቻ! በየማለዳው የየገንቦውን ሆድ በፈትል ትለካለች። የእልፍኙ ወለል ላይ ዱቄት ነስንሳ የእግር ዱካ ትፈልጋለች። ግድግዳውን ትክ ብሎ ያየ እንግዳ ሁለተኛ አይጠራም። ጠበል ሊረጩ የመጡትን የነፍስ አባቷን እንኳ፣ ካባቸው ሰፊ ነው ብላ እስከ በር ድረስ በዐይኗ ፈተሸቻቸው።

ያልጠረጠረቻት አንድ ልጇን ትርንጎን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ግን ያስቀረችውን ሰማያዊ ገንቦ ስትለካ ፈትሉ አንድ ጣት ያህል አጠረባት። ፈትሉ ከአበባው ውሃ ርሶ መሰብሰቡን ልብ አላለችም። ተለውጧል ማለት ነው! ማን? ትርንጎ በየሳምንቱ ለብርነሽ ምግብ ታደርሳለች፤ በሌማቱ ምን ይዛ እንደምትወጣና ምን ይዛ እንደምትገባ ማን ያውቃል? የልጇን ሳጥን ከፍታ በረበረች። ሁለት ቀሚስ፣ የተፈተለ ጥጥና ማበጠሪያ ብቻ አገኘች። ምንም ማጣቷ ይበልጥ አስጠረጠራት። «አየሽ ተንኮሏን! ደብቃዋለች» አለች ለራሷ።

በዚያው እሑድ ትርንጎን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ፤ መሪያቸው አቶ ወልደየስ ነበሩ። ትርንጎ ጠላ ልትቀዳ ስትገባ ከሰማያዊው ገንቦ ላይ የተንጋደደች ጽጌረዳ አይታ ልታቃናት እጇን ዘረጋች።

«እጅሽን አንሺ!» ብላ እናቷ ጮኸች። «የለወጥሽው አነሰሽ?»

«ምኑን ለወጥኩ፣ እማዬ?»

«ገንቦውን! የእኔን ለብርነሽ ሰጥተሽ የእሷን እዚህ አቁመሻል!»

ትርንጎ ጠላውን አስቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ወልደየስ በእርጋታ፣ «ይህማ ቀላል ነው፤ ጎን ለጎን አድርገን እናስተያያቸው» ብለው ብርነሽን አስጠሩ። እሷም ገንቦዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ በሰው ተመርታ መጣች።

ሁለቱ ገንቦዎች በግድግዳው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። አመልማል አጎንብሳ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ተመስገን! አልተለወጠም፤ የእኔው ነው! ያኛውንማ እኔ ራሴ ከነጋዴ ወስጄ ነው የሰጠኋት!»

አመልማል ምን እንደተናገረች የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«የሰጠሻት?» አሉ አቶ ወልደየስ። «እኛ የምናውቀው እሷ አንቺ ዘንድ አደራ ማስቀመጧን ነው።»

ብርነሽ በእጇ እየዳበሰች ወደ ግድግዳው ተጠጋች፤ ጽጌረዳውን አውጥታ ጣቷን በገንቦው አንገት አስገባች። «እዚህ ጋ ትንሽ ጉብታ አለው» አለች። «ወንድሜ ነው ያሳየኝ።» ጣቷ ከጉብታው ላይ ሲያርፍ እንባዋ ወረደ።

ትርንጎ ገንቦውን ከመደርደሪያው አንሥታ በገዛ ነጠላዋ ጠቀለለችና ብርነሽን አስታቀፈቻት። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ሳጥኔን የበረበረው ሌባ መስሎኝ ነበር» አለቻት፤ የብርነሽንም እጅ ይዛ ወጣች።

አመልማል ልትከተላት ሁለት እርምጃ ተራመደች። ከበሩ ግን አላለፈችም።

ሽማግሌዎቹ የጋብቻውን ነገር በብርነሽ ቤት ጨረሱት። ሲመለሱ ከመካከላቸው በዕድሜ የሚያንሰው ነገሩ አልዋጥ ብሎት፣ «ሌላውን ሰው መጠርጠሯስ ይሁን፤ እንዴት እናት አምጣ የወለደቻትን ልጅ ትጠረጥራለች?» ሲል ጠየቀ።

አቶ ወልደየስም በከዘራቸው መንገዱን እየነኩ፣ «ምኑ ይገርምሃል፣ ልጄ? ሌባ እናት ልጇን አታምንም» አሉት።