ከፍግ የበቀለ ጎመን

በአንዲት ቅጥር ባላት የጥንት ከተማ ውስጥ ሸህ ደሊል የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። የተናገሩትን ሕዝቡ ሳያላምጥ ይውጥላቸዋል፤ ጣጣውም ከዚያ መጣ።

ከከተማይቱ ዳር፣ ሲራራ ነጋዴዎች በቅሎዎቻቸውን የሚያሳርፉበት ሜዳ ላይ፣ የዓመታት ፍግ ተቆልሎ ነበር። ሩቅያ የምትባል፣ ባሏ ሞቶባት ሦስት የቲም ልጆች የምታሳድግ ሴት ቁልሉን ደልድላ ጎመን ዘራችበት። ማሻአላህ፣ አንዱ ቅጠል የሰው ፊት ይሸፍናል! ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም።

አንድ ቀን ልብሱን ፍግ የነካው በቅሎ ነጂ በመስጊዱ ደጃፍ፣ «ሸሆች፣ የዚያ ቁልል ፍግ ነጃሳ ነው? ሳልሰግድ ልብሴን ልጠበው?» አላቸው። ኢቃማ ተብሎ ሶላቱ ሊጀመር ነበርና፣ «አዎን፣ ነጃሳ ነው» ብለውት ገቡ። ሰውየው ልብሱን አጥቦ ሰገደ። አጠገቡ የነበሩት ግን ያችን የሸሁን ቃል ይዘው ገበያ ወረዱ። እኛ እኮ ወሬ ስንሸከም የጭነት በቅሎ አያህለንም! የዐስር ሶላት ሳይደርስ «ሸሆቹ የሩቅያን ጎመን ነጃሳ ነው አሉ» ተባለ።

በሳምንቱ ሩቅያ የጠወለገ ጎመን በቅርጫት ይዛ ወደ መስጊዱ መጣች።

«ሸሆች፣ የሚገዛኝ አጣሁ። ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነብሽ?»

«እርስዎ ነጃሳ ነው ብለዋል አሉ።»

ሸሁ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ብድግ አሉ። አጠገባቸው የነበረው የመስጊዱ ሙአዚን፣ «ያጣመመው ሰው ነው፤ እርስዎ ምን አጠፉ? ጁምዓ ሲደርስ ያስረዳሉ» አላቸው።

«ጎመን የሚገዙት ሴቶች ያሉት ገበያ ነው። የየቲሞቹስ ሆድ ጁምዓን ይጠብቃል?»

ቅርጫቱን ራሳቸው ተሸክመው ሄዱ። ጎመን ተራ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ወገኖቼ! ፍጉ ነጃሳ ነው ብያለሁ፤ እውነት ነው። ጎመኑ ግን ጧሂር ነው፣ ንጹሕ ነው፤ አጥቦ መብላት ነው። ነገሬን ሳልጨርስ ሄጄ ይችን ሴት በደልኳት። አውፍ በሉኝ።»

አንዲት አፈኛ ሴት፣ «ከነጃሳ የበቀለ እንዴት ጧሂር ይሆናል?» አለች።

«ወተት ትጠጫለሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እጠጣለሁ።»

«ከፈርስና ከደም መካከል ጥሩ ወተት የሚያወጣልሽ ጌታ፣ ከፍግ ጎመን ማውጣት ያቅተዋል?»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ቀድማ የገዛችውም እሷ ናት። ቅርጫቱ የዙሁር ሶላት ሳይደርስ ባዶ ሆነ። ሩቅያም እያለቀሰች ዱዓ አደረገችላቸው።

ሲመለሱ ሙአዚኑ፣ «በገበያ መሃል ይህን ያህል ራስዎን ማዋረድ ነበረብዎ?» አላቸው።

ሸሁም፣ «ምላስ ያቆሸሸውን ውሃ አያጠራውም፤ ያችው ምላስ ራሷ ወጥታ ትጠበው» አሉ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሸሁ የተናገሩት እኮ ውሸት አልነበረም። እኛ ግን ውሸት ካልሆነ ምን ቸገረኝ እንላለን። እውነትም ብትሆን ግማሿ ከተነገረች የሰው እንጀራ ታሳጣለች። በአንደበታችን የጎዳነው ሰው ካለ ደጁን እናውቀዋለን፤ ዛሬውኑ እንሂድ።